ያላስደሰታችሁን መጽሐፍ አታሞግሱ

ይድረስ ለወጣት አንባብያን፣

በሙያዬ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። ሥነ ጽሑፍ አልተማርኩም፣ የሐያሲነት ስምም የለኝም። ልብ ወለድ የማነበው ደስ ስለሚለኝ ነው፤ ማታ ከሥራ በኋላ፣ ወረፋ ስጠብቅ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ። ብዕር ያስነሣኝ አብረውኝ የሚሠሩ ወጣቶች ስለ መጻሕፍት ሲያወሩ የምሰማው ነገር ነው። ስለ ታላላቅ ድርሰቶች ሲጠየቁ ሁሉም በአንድ አፍ «ድንቅ ነው» ይላሉ። ምኑ ላይ? ሲባሉ ወሬ ይቀይራሉ። ሌሊቱን ሙሉ ዓይናቸውን ሳይከድኑ የጨረሱትን የወንጀል ታሪክ ግን «ለጊዜ ማሳለፊያ ነው» ብለው ያቃልሉታል። በሰው አድናቆት ይኩራራሉ፣ በራሳቸው ደስታ ያፍራሉ።

በእኛ ሥራ ዝም ብሎ «ጥሩ መድኃኒት» የሚባል ነገር የለም። ለየትኛው ሕመም፣ ለየትኛው ሰው፣ በምን ያህል መጠን የሚለው ካልተመለሰ ቃሉ ባዶ ነው። በመጽሐፍም የምመክራችሁ ይህንኑ ነው፦ ወደድኩት ስትሉ ቦታውን አሳዩ፣ ሰለቸኝ ስትሉም ቦታውን አሳዩ። የእኔን አስተያየት በዚሁ መንገድ ላቅርብላችሁ። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

የቶልስቶይን «ጦርነትና ሰላም» ብዙ ሰው የሚሸሸው ውፍረቱን አይቶ ነው። ፒየር የተባለው ሀብታምና ግራ የተጋባ ሰው የቦሮዲኖን ውጊያ ለማየት ብሎ፣ ነጭ ባርኔጣ አድርጎና አረንጓዴ ኮት ለብሶ፣ መድፈኞች መካከል የሚገኝበትን ክፍል ፈልጋችሁ አንብቡ። ወታደሮቹ መጀመሪያ ደስ አይላቸውም፤ ይህ ደግሞ ምን ሊሠራ መጣ ይላሉ። የመድፍ ጥይት እየወደቀ አለመሸሹን ሲያዩ ግን እየቀለዱበት «የእኛ ጌታ» ብለው ከቤተሰባቸው ይቆጥሩታል። ብዙም ሳይቆይ ከእነዚያ ቀልደኞች አብዛኞቹ በሕይወት የሉም። ስለ ጦርነት ካነበብኩት ሁሉ እንደዚህ ትዕይንት የዘለቀኝ የለም። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ሁለት ማጠቃለያዎች አሉት፤ ሁለተኛው ታሪክን የሚያንቀሳቅሰው ምንድን ነው በሚል ጥያቄ ላይ የቀረበ ረጅም ሙግት ነው፤ ከልቦለዱ ሰዎች አንዱም ብቅ አይልበትም። ዝለሉት። ቶልስቶይ ያንን ሐሳብ ባርኔጣ ባደረገው በፒየር በኩል ቀድሞ ነግሯችኋል።

ስለ ዓሣ ነባሪ አደን በሚተርከው በ«ሞቢ ዲክ» ደግሞ ከብዙ አንባቢ ጋር አልስማማም። ብዙዎች መጽሐፉን ወርውረው የሚሄዱት ምዕራፍ 32 ላይ ነው። እዚያ ተራኪው ጉዞውን አቁሞ ዓሣ ነባሪዎችን ይመድባል፤ ያውም መጻሕፍት በቅርጻቸው እንደሚመደቡ ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ እያለ። ዓሣ ነባሪ ዓሣ ነው ብሎም ድርቅ ይላል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መድኃኒት በየመደቡ ስደረድር የኖርኩ ሰው ነኝና በሳቅ ፈነዳሁ። እኔን የሚያሰለቸኝ ካፒቴን አሃብ ብቻውን ቆሞ የሚያሰማው ረጅም ንግግር ነው። መጽሐፉ በ1851 ሲወጣ ገበያ አላገኘም። ደራሲው ሜልቪል ኋላ ላይ በኒውዮርክ የጉምሩክ ተቆጣጣሪ ሆኖ 19 ዓመት ሠራ፤ በ1891 ሲሞት የሚያስታውሰው ጥቂት ነበር። ሰዎች ዳግም ያነሡት በ1920ዎቹ ነው። ክላሲክ የሚለው ማዕረግ እንግዲህ ከመጽሐፉ ጋር አብሮ አልተወለደም፤ አንባቢዎች ሲከራከሩ ኖረው የሰጡት ነው። ክርክሩም አልተዘጋም፤ እናንተም ትገቡበታላችሁ።

ደግሞስ ዛሬ በክብር ከመደርደሪያው አናት ላይ ካስቀመጥናቸው ስንቶቹ በጊዜያቸው የገበያ ጽሑፍ ነበሩ! ዱማ የሞንቴ ክሪስቶን የበቀል ታሪክ ከ1844 እስከ 1846 በፓሪስ ጋዜጣ ላይ በተከታታይ ሲያወጣ አንባቢውን ልቡን አንጠልጥሎ ነበር የሚያሰናብተው። ዲከንስም እንዲሁ። ዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት»ን በ1866 በመጽሔት በየክፍሉ እያወጣ ሳለ ዕዳ አስጨንቆት አዲስ ልብ ወለድ በቀነ ገደብ ሊያስረክብ ከአንድ አሳታሚ ጋር ክፉ ውል ገብቶ ነበርና፣ «ቁማርተኛው»ን በ26 ቀናት ውስጥ በቃሉ እየነገረ አስጻፈ። ጸሐፊዋንም በዓመቱ አገባት፤ ከውሉ ያተረፈው ትልቁ ነገር እርሷ ሳትሆን አትቀርም።

«ወንጀልና ቅጣት» ራሱ የወንጀል ታሪክ አይደለምን? ልዩነቱ ገዳዩን ከመጀመሪያው ማወቃችን ነው። የሚያጓጓው ማን ገደለ የሚለው ሳይሆን መቼ ይሰበራል የሚለው ነው። መርማሪው ፖርፊሪ አይጮህም፣ አያስፈራራም፤ ይስቃል፣ ያጨሳል፣ ከጉዳዩ ወጥቶ ስለ ሌላ ነገር ይቀባጥራል፣ ገዳዩ ሊሄድ ሲነሣ ደግሞ አንዲት ነገር ጣል ያደርጋል። እነዚያን ንግግሮች ሳነብ መዳፌ ያልበኛል። በሳይቤሪያ የሚያልቀው ማጠቃለያ ግን አላሳመነኝም። ያን ያህል ገጽ ሙሉ እምቢ ሲል የኖረ የገዳዩ ልብ በጥቂት ገጾች ሲለሰልስ ደራሲው የቸኮለ ይመስለኛል።

የአገራችንንም ሥራ በዚህ ዓይን ማየት ነውር አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ1958 የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሁሉም የሚያነሣው ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው። እኔን የሚስበኝ ፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎቹን አስገብራለሁ ብለው ዘምተው የሚማረኩበት ታሪክና የጉዱ ካሣ ምላስ ነው። ፍቅረኞቹ ሲያለቃቅሱ ገጽ የምቆጥርባቸው ጊዜያት አሉ። ይህን ስል የሚቆጣኝ ሰው አላጣሁም፤ ይቆጣ።

አሁን ወደምታፍሩባቸው መጻሕፍት ልምጣ። አጋታ ክሪስቲን በሙያዬ ዓይን ልመስክርላት። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሆስፒታል የመድኃኒት ክፍል ሠርታለች፤ የሙያውንም ፈተና አልፋለች። በአንዱ ልብ ወለዷ፣ የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም፣ እያንዳንዳቸው በሐኪም የሚታዘዙ ሁለት መድኃኒቶች አንድ ጠርሙስ ውስጥ ሲቀላቀሉ መርዛማው ክፍል ዘቅጦ ታች ይጠራቀማል። ከላይ ከላይ ሲጠጣ የሰነበተው ሰው ምንም አይሆንም፤ የመጨረሻውን ማንኪያ ሲወስድ የጠርሙሱን ሁሉ መርዝ በአንዴ ይውጣል። ኬሚስትሪው ትክክል ነው። «ከመጠጣትዎ በፊት ይነቅንቁ» እያልን የምንጽፈው ለጌጥ አይደለም። ጉድለቷ ሌላ ቦታ ነው፦ ሬሳ ሲነሣ የሚያለቅስ ሰው አይታይባትም፤ ገዳዩ ከታወቀ በኋላም የገጸ ባሕርያቱን ፊት ላስታውስ ብል አይመጣልኝም።

አሜሪካዊው የወንጀል ታሪክ ደራሲ ቻንድለር ግልባጯ ነው። በ1939 ያወጣውን የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ፊልም ሲሠሩ፣ ሾፌሩን ማን ገደለው ብለው ቢጠይቁት እርሱም እንደማያውቅ መለሰላቸው ይባላል። ሴራው ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ አረፍተ ነገሮቹ ግን የማይጠገቡ ናቸው። በበረሃማ ፕላኔት ላይ የሚካሄደውን የሳይንስ ልብ ወለድ «ዱን»ን ከ20 በላይ አሳታሚዎች መልሰውት በ1965 ያተመው የመኪና ጥገና መመሪያ በማሳተም የሚታወቅ ድርጅት ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ አሸዋውን ጥርስ ላይ ያስነክሳል፤ ሁለተኛው በጣም ይሮጣል።

ስለ ሁለቱ የድሮ አስፈሪ ታሪኮች ትንሽ ልቆይ። «ፍራንከንስታይን» የጭራቁ ስም ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጽሐፉን አላነበበውም። ፍጡሩ ስም የለውም፤ ፍራንከንስታይን የፈጣሪው ስም ነው። ሜሪ ሼሊ ድርሰቱን ስትጀምር ዕድሜዋ 18 ነበር፤ በ1818 ያለ ስሟ ታተመ። ያላነበቡት ሰዎች የሚያወሩት ስለሚያጉረመርም ግዙፍ ሬሳ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ፍጡር ግን ተደብቆ ቋንቋ የተማረ፣ ፕሉታርክንና ሚልተንን ያነበበ፣ ከፈጣሪው የተሻለ የሚናገር ብቸኛ ነው። በ1897 የወጣው «ድራኩላ» ደግሞ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ያሉት የመጀመሪያዎቹ አራት ምዕራፎች አቻ የላቸውም፤ ከዚያ በኋላ መሐሉ ይላላል፣ ፕሮፌሰር ቫን ሄልሲንግም ንግግሩ አያልቅም። ሉሲ ለተባለችው ሴት አራት ወንዶች ተራ በተራ ደም ሲሰጧት ሳነብ ወንበሬ ላይ ተቁነጠነጥኩ። ደራሲው ግን አይወቀስም፤ ዓይነቱ ያልገጠመ ደም ሊገድል ይችላል፤ የደም ዓይነቶች የታወቁት ግን በ1901 ነው። እኔ ከቫምፓየሩ ይልቅ የፈራሁት ደሙን ነው።

እንግዲህ ክላሲክ በአንድ ወገን፣ ተራ ልብ ወለድ በሌላ ወገን የሚለውን አጥር ማን ሠራው? የዶን ኪኾቴን ስድስተኛ ምዕራፍ ተመልከቱ። ቄሱና ጸጉር አስተካካዩ ወዳጃቸውን ያሳበዱትን የጀብዱ መጻሕፍት ሊያቃጥሉ ይገባሉ። አንድ በአንድ እያነሡ ሲፈርዱ ግን ቄሱ ሁሉንም አንብቧቸው ኖሯል! ይኼኛው በአይነቱ ምርጥ ነውና ይትረፍ፣ ያኛውን ለእኔ ስጡኝ፣ ይህ በመስኮት ይወርወር ይላል። ከተረፉት መካከል የራሱ የደራሲው የሰርቫንቴስ መጽሐፍም አለ። ከዚህ ቄስ የተሻለ ሐያሲ አላየሁም። በእሳት መፍረዱን አልወደድኩለትም፤ ግን ሳያነብ አልፈረደም፣ ዓይነቱንም አይቶ አልናቀም፣ የሚፈርደው በእያንዳንዱ መጽሐፍ ላይ ነው።

መጽሐፍ ማቋረጥ ይቻላል ወይ ለምትሉኝ፣ ይቻላል። የጆይስን «ዩሊሲስ» አልጨረስኩትም፤ የምጨርሰውም አይመስለኝም። ዋናው ገጸ ባሕርይ ብሉም ለቁርሱ ኩላሊት ሲጠብስ የሚያሳርርበትን ክፍል ግን ከወደድኳቸው አንዱ አድርጌ ይዣለሁ። አቋርጣችሁ ስትተዉ «አቋረጥኩት» በሉ እንጂ «መጥፎ ነው» አትበሉ፤ ያላያችሁት ግማሽ አለና።

ከየት ልጀምር ለምትሉኝ ደግሞ ሁለት አጫጭር መጻሕፍት ልስጣችሁ። አንደኛው በ1886 የታተመው የቶልስቶይ «የኢቫን ኢሊች ሞት» ነው። ሐኪሞቹ ሕመሙ ከኩላሊት ነው ወይስ ከትርፍ አንጀት እያሉ ይራቀቃሉ፤ ሰውየው ማወቅ የሚፈልገው ሕመሙ ያሰጋው እንደሆነ ብቻ ነው፤ እሱን የሚነግረው የለም። ሌሊቱን ሙሉ እግሩን ትከሻው ላይ ደግፎ የሚያድርለት ገራሲም የተባለ ገበሬ አገልጋይ ነው። ነጭ ጋዋን የምትለብሱ ሁሉ ሳታነቡት አትለፉ። ሁለተኛው አሥር ሰዎች ደሴት ላይ ተሰብስበው አንድ በአንድ የሚያልቁበት የክሪስቲ የ1939 ልብ ወለድ ነው። ሁለቱንም የሞት መጽሐፍ በአንድ ሳምንት አንብቡና የትኛው እንደያዛችሁ፣ ከየትኛው ገጽ ጀምሮ እንደያዛችሁ ጻፉልኝ። እኔ የትኛውን እንደማበልጥ ደብዳቤያችሁ እስኪደርሰኝ አልናገርም።