ጂራ ከመክፈታችሁ በፊት እርሳስ አንሡ፦ ጥያቄና መልስ

ጂራ በሚባለው የሥራ መከታተያ ሶፍትዌር ላይ ወርክፍሎው (አንድ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያልፍበት መንገድ) ስለመሥራት የገባችሁን ያልገባችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ምክሬ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሣሉት ነው፦ እያንዳንዱ ስታተስ (ሥራው የደረሰበት ደረጃ) ሳጥን፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፍበት ደግሞ ቀስት ይሆናል። ከደብረ ብርሃንና ከሸዋ ሮቢት ከደረሱኝ ጥያቄዎች እነዚህን መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጂራ ራሱ መሣያ አለው። ወረቀት ላይ ምን አደከመኝ?

መልስ፦ ወረቀት ላይ የተሳሳተ ቀስት በላጲስ ይጠፋል። ጂራ ላይ ሥራ ከተጀመረ በኋላ ስታተስ ልሰርዝ ካልክ ግን እዚያ ያሉት ቲኬቶች (ጂራ ላይ የተመዘገቡት ሥራዎች) ወዴት ይሂዱ የሚለው ይመጣል። ሰዉም ለምዶታል።

ጥያቄ፦ የፋብሪካ ጥገና ክፍል ነው የምሠራው። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ከስታተስ ስም አትጀምሪ። በቅርብ የተጠገነ አንድ ማሽን ምረጪና ከተበላሸበት ሰዓት ጀምረሽ ተከተዪው። እዚሁ ደብረ ብርሃን ከአንድ የጥገና ቡድን ጋር አራት ሳጥን ሣልን፦ ተጠየቀ፣ በጥገና ላይ፣ ሙከራ፣ ተዘጋ። አለቀ ብለን ልንነሣ ስንል አንድ አንጋፋ መካኒክ «በጥገና ላይ» የሚለው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ኩሽኔታው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ማሽኑ የት ነው ያለው?» አሉን። እውነታቸውን ነው። መለዋወጫ እየጠበቁ የጂራው ቦርድ (ሥራዎቹ በየስታተሳቸው የሚታዩበት ሰሌዳ) ግን እየጠገኑ ነው ሊል ነበር። «መለዋወጫ ይጠበቃል» የሚል ሳጥን ጨመርን። ቀጥለው «ስንሞክረው መልሶ ቢቆምስ?» አሉ። ከሙከራ ወደ ጥገና የሚመለስ ቀስት አልሣልንም ነበር! ያ ወረቀት አሁንም አለኝ፤ የጣታቸው ግራሶ አለበት።

ጥያቄ፦ ስንት ስታተስ ይበቃል?

መልስ፦ ሥራው ከሰው ወደ ሰው ሲያልፍ ወይም ቆሞ ሲጠብቅ ሳጥን ይገባዋል። ጂራ ሁሉንም በሦስት ምድብ ነው የሚያየው፦ ያልተጀመረው ግራጫ፣ የተጀመረው ሰማያዊ፣ ያለቀው አረንጓዴ። ወረቀቱ ላይ በነዚህ ቀባቸው። ቀለሙ ያጠራጠረህን ሳጥን እንደገና ጠይቅበት።

ጥያቄ፦ ቲኬቱ ከየትኛውም ስታተስ ወደ የትኛውም እንዲሄድ ብፈቅድስ?

መልስ፦ «ተሰርዟል» ወደሚል ስታተስ ከየትም እንዲሄድ መፍቀድ ጥሩ ነው። ለሁሉም ከፈቀድክ ግን ሙከራው እየተዘለለ ይዘጋል።

ጥያቄ፦ የዘጋናቸው ቲኬቶች ሪፖርት ላይ እንዳልተፈቱ ይታያሉ።

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ሬዞሉሽን የሚባለው ቦታ (ሥራው እንዴት እንዳለቀ የሚሞላበት) ባዶ ስለሚቀር ነው። ወደ «ተዘጋ» የሚወስደው ቀስት እንዲሞላው፣ የሚመልሰው ቀስት ደግሞ እንዲያጠፋው አድርግ። ስትሥል ቀስቶቹ ጎን ጻፈው፤ በኋላ ይረሳል።

ጥያቄ፦ ግማሾቻችን አዲስ አበባ ነን። አብረን መሣል አንችልም።

መልስ፦ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለመጀመሪያው ቀን ብቻ እንኳ ብትገናኙ ደስ ይለኛል። ካልሆነ ወረቀቱን ፎቶ አንሥታችሁ በቴሌግራም ላኩት። በኮምፒውተር ለማሳመር አትቸኩሉ። ተውቦ የመጣ ሥዕል ሲያይ ሰው ያለቀ ይመስለውና ዝም ይላል። በእርሳስ የተሞነጫጨረውን ግን «ኧረ እንዲህ አይደለም» ይላችኋል።