ጽጌረዳሽን አጋድመሽ እሰሪው

ሰላም እህቴ። ቆርቆሮ አጥሩ ላይ የወጣው ጽጌረዳሽ አናቱ ላይ ብቻ ያብባል፣ ከታች ግን ባዶ ነው ብለሻል። ቅርንጫፉ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጉልበቱ ሁሉ ወደ ጫፉ ይሄዳል። በአጥሩ ርዝመት አጋድመሽ ብታስሪው ግን በየአንጓው አዲስ ቀንበጥ ያወጣል፤ አበባውም የሚመጣው እዚያ ላይ ነው።

ጽጌረዳ እንደ ሐረግ ራሱ አይጠመጠምም፣ የግድ መታሰር አለበት። በአጥሩ ቋሚዎች ላይ ሽቦ በ40 ሳንቲ ሜትር ልዩነት አግድም ወጥሪ። ከቆርቆሮው ትንሽ ራቅ ይበል፤ ፀሐይ ሲመታው ቆርቆሮው ይግላል፣ ቅጠሉም አየር ይፈልጋል።

ቅርንጫፉን ራሱን ግን በሽቦ እንዳታስሪው፣ አደራ! የኔ አንዱ ሲወፍር ሽቦው ልጡ ውስጥ ገብቶ አነቀውና ደረቀብኝ። በጣም ነው ያዘንኩት። አሁን አሮጌ ካናቴራ ቀድጄ፣ በስምንት ቁጥር ቅርጽ፣ ጣት እስኪያስገባ ላላ አድርጌ ነው የማስረው።

የምታጋድሚው ለጋውን ነው፤ አሮጌው ቀጭ ይላል። እሱንም በአንድ ቀን አታጉብጪው፣ ዛሬ ትንሽ፣ በሳምንቱ ደግሞ ትንሽ። መቀሱን ለጊዜው ተይው። ረጃጅሞቹን ከቆረጥሻቸው የምታስሪው አይኖርሽም።