ጭጋግ በደሴ፣ ፀሐይ በኮምቦልቻ

ጥያቄ፦ ጠዋት ጋቢ ደርቤ ከደሴ ተነሥቼ፣ የሐረጎን ተራራ መኪናው መብራቱን አብርቶ በጭጋግ ውስጥ ወርደን፣ ኮምቦልቻ ስደርስ ፀሐዩ ያቃጥለኛል። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ይህ ሁሉ ልዩነት ከምን መጣ?

መልስ፦ ክቡር አንባቢያችን፣ መንገዱ አጭር ቢሆንም ቁልቁለቱ ብዙ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ስትል ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀዘቅዝ፣ ከፍታው ብቻ የ4 ዲግሪ ልዩነት ያመጣል። ከቆላው የሚነሣው እርጥብ ነፋስ ተዳፋቱን ሲወጣ ቀዝቅዞ ደመና ይሆናል፤ እርስዎ ሐረጎ ላይ ጭጋግ የሚሉትን፣ ኮምቦልቻ ያለው ሰው ቀና ብሎ ሲያየው የተራራ ደመና ነው። በጠራ ሌሊት ደግሞ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ከባድ ቀዝቃዛ አየር ደሴ ባለችበት በቦርከና ሸለቆ ስለሚተኛ፣ የደሴ ንጋት አጥንት ድረስ ይዘልቃል። በረዶም እንዲሁ ነው፤ የሚጥለው ደመና ስፋቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ እዚያው ደሴ የሆጤ ሰፈር ቆርቆሮ ሲንኳኳ ፒያሳ ደረቅ ቢሆን አይገርምም።

ይህ የደጋና የቆላ ልዩነት ሕይወት ያስከፈለበትንም ዘመን ልንረሳ አይገባም፤ በ1965 ዓ.ም. ድርቁ ክፉኛ የጎዳው የወሎን ምሥራቃዊ ቆላ ነበር፤ የተራበውም ሕዝብ ወደ ደሴ መንገድ ወጥቶ ነበር።