ያገለገለ ሸክላ ማጫወቻ ስትገዢ ከስሙ በፊት ሞተሩንና መርፌውን እዪ

እህቴ፣ ሌሎችም እንዲከታተሉን ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ያለሽው ሜሪላንድ ነው። ከአባትሽ የወረስሻቸው የቆዩ የአማርኛ ሸክላዎች አሉሽ፤ አብዛኞቹ ትንንሾቹ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ባለ 45 ናቸው። ለማጫወቻ 150 ዶላር ይዘሻል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ዕቃሽን ጠቅልለሽ አዲስ አበባ ልትገቢ ነው። በዚህ ዋጋ ደህና ያገለገለ ዕቃ ይገኛል ወይ ነው ያልሽው። ይገኛል።

ግን አንድ ነገር ይቅደም። ካንቺ ቤት ውድ የሆኑት ሸክላዎቹ ናቸው። የድሮዎቹ ሸክላ አሳታሚዎች የአምሃ ሬከርድስ ወይም የካይፋ ኦሪጅናል 45 ዛሬ በቀላሉ አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ከ150ው ውስጥ 50 ያህሉን ለአዲስ መርፌ አስቀምጪ። ሻጩ "መርፌው ገና አዲስ ነው" ቢልሽም ቀይሪው። ያለቀ መርፌ ጠርዙ ስለት ያወጣል፤ የሸክላውን መስመር እየፋቀ ነው የሚያልፈው። አንዴ የተፋቀ ሸክላ ደግሞ በምንም አይመለስም። በዚሁ ምክንያት ሻንጣ የሚመስሉትን ርካሽ ማጫወቻዎች አልመክርሽም። ብዙዎቹ መርፌውን በ5 ግራም አካባቢ ይጫኑታል፤ ማስተካከያም የላቸውም። እንደ ኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95ኢ ያለ ካርትሪጅ (መርፌው የሚሰካበት ክፍል) ግን የሚፈልገው 2 ግራም ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ። አንቺ ወደ አገር ቤት ስለምትገቢ ዋናው ጉዳይ ይኼ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ዕቃው አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ነው። አሜሪካ መብራቱ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ የሚመላለስ) ነው። እኛ አገር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክልልሻል፤ ኸርዙን ግን አይነካውም። የድሮ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ ፍጥነታቸውን የሚወስዱት ከኸርዙ ነው። ለምሳሌ ፓዮኒር ፒኤል-12ዲ በጣም ጎበዝ ዕቃ ነው፤ እዚሁ አሜሪካ የምትቀሪ ብትሆኚ ዓይኔን ሳላሽ ግዢው እልሽ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ግን 45ቱ ወደ 37 ተኩል ይወርዳል። ዘፈኑ ይጎተታል፣ የሴቷ ድምፅ የወንድ ይሆናል። ለአንዳንድ ሞዴል የ50 ኸርዝ ፑሊ (ሞተሩ ላይ የምትገጠም ትንሽ መዘውር) ይገኛል፤ እሱን ፍለጋ ከምትንከራተቺ ግን ከመጀመሪያው ሌላ ብትመርጪ ይሻላል።

ለአንቺ የሚሆነው በዲሲ ሞተር የሚሠራ፣ ኸርዙን ሳይጠብቅ ፍጥነቱን ራሱ የሚቆጣጠር ነው። ቴክኒክስ ኤስኤል-ዲ2 ካገኘሽ አትለፊው። ታናሹ ኤስኤል-ቢ2 በቤልት (በጎማ ቀበቶ) ነው የሚሠራው፤ እሱም ጥሩ ነው። ቤልቱ ላልቶ ቢሆን አያስፈራሽ፣ በትንሽ ገንዘብ ይቀየራል። ሰው ሁሉ ኤስኤል-1200 ማርክ 2 ግዢ ይልሻል። ከ1979 ጀምሮ ስሙን ያስጠራ ዕቃ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። በ150 ዶላር ግን ጤነኛውን አታገኚም፤ በዚያ ዋጋ የሚቀርብልሽ አንድ ነገር የጎደለው ነው።

ሙሉ አውቶማቲክ የሆኑትን ተጠንቀቂ። ውስጣቸው ያለው ግሪስ በአርባ ዓመት ይደርቃል፤ መርፌውን የሚሸከመው ክንድ መሃል ላይ ይቆማል ወይም ጨርሶ አይነሳም። ሲጨርስ ብቻ ራሱን የሚመልስ ወይም ሁሉንም በእጅሽ የምትሠሪበት ይሻልሻል።

ሻጩ ቤት ስትሄጂ ሸክላ ይዘሽ ሂጂ፤ ከአባትሽ ሸክላዎች ግን አንድም እንዳትወስጂ። የማይቆጭሽን አንድ 45 ከሁለተኛ እጅ ሱቅ ግዢ። 33ቱንም 45ቱንም አስነሺና ፍጥነቱን በስልክሽ አፕ ለኪ። ፍጥነቱ ከዋለለ የፍጥነት ማስተካከያውን ቁልፍ ወዲያ ወዲህ ደጋግመሽ አሽከርክሪ፤ ብዙ ጊዜ ቆሻሻ ብቻ ነው። ክንዱን በሁለት ጣት ይዘሽ በቀስታ ነቅነቅ አድርጊው፤ ሥሩ ላይ ከተንገጫገጨ ዋጋው ምንም ቢሆን ትተሽው ውጪ። በሁለቱም ስፒከር ድምፅ መውጣቱን አዳምጪ። ከክንዱ ኋላ የሚገጠመው ማመጣጠኛ ክብደት መኖሩንም እዪ፤ እሱ ከጠፋ ተመሳሳዩን ማግኘት ፈተና ነው።

አምፕሊፋየርሽ "ፎኖ" የሚል ቀዳዳ ከሌለው የማጫወቻውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላ ትንሽ ፎኖ ፕሪአምፕ ያስፈልግሻል፤ ያለሱ ድምፁ የሚመጣው ቀጭንና የሩቅ ሆኖ ነው። መሃላቸው ሰፊ ቀዳዳ ላላቸው 45ቶች ደግሞ የመሃል አዳፕተር ጠይቂ፤ ሻጮች መሳቢያ ውስጥ ይረሱታል።

ወደ ቤት ስትወስጂው የኋላውን ክብደት ፍቺ፣ ክንዱን በማሰሪያው እሰሪ፣ ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን አውጥተሽ ለብቻው ጠቅልይ። ወደ አዲስ አበባ ስትሄጂም እንደዚያው። መርፌውን ከነካርትሪጁ ነቅለሽ በእጅ ሻንጣሽ ያዢው። ለቴክኒክሱ የሚሆን ከ220 ወደ 120 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመርም አትርሺ። ማጫወቻው የሚፈጀው ኃይል ጥቂት ስለሆነ ትንሹ ይበቃሻል።