እንጀራው ለብቻ ይቅረብልኝ፦ ወሎ ላይ ካርቦሃይድሬት ቀንሶ ስለመመገብ

ጥያቄ፦ የ54 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ቢሆንም ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም እንዳለብኝ ካወቅሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ እወስዳለሁ። ከአምስት ወር ወዲህ በሐኪሜ ምክር እንጀራ፣ ዳቦና ስኳር በጣም ቀንሻለሁ፤ ስኳሬም ደኅና ወርዶልኛል። በመጪው ጥር ከቤተሰቤ ጋር ለዕረፍት ደሴና ሐይቅ ሰንብተን ለጥምቀት ላሊበላ እንሄዳለን። ቤቴ ሆኜ የምበላውን አውቃለሁ፤ በምግብ ቤትና በዘመድ ቤት ግን ሁሉም ነገር የሚቀርበው በእንጀራ ላይ ነው። የአክስቴ ልጆች ሙስሊሞች ስለሆኑ አብረን ስንወጣ ከአንድ ገበታ መቅረብ እንወዳለን። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፤ ገሃድንም መጾም እፈልጋለሁ። የአምስት ወር ልፋቴ በአሥር ቀን እንዳይበላሽ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ስለ ምግብ ቤቱ ከማውራታችን በፊት ስለ መድኃኒትዎ መነጋገር አለብን። ሜትፎርሚን ለብቻው ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ግሊቤንክላማይድ ግን ሰው በላም አልበላም ቆሽትን ኢንሱሊን አመንጭ እያለ የሚገፋ በመሆኑ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሰ፣ በዚያ ላይ የምግብ ሰዓት ያሳለፈና ብዙ የተራመደ ሰው ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት ሐኪምዎን ያግኙ፤ የጉዞዎን ሁኔታ፣ በተለይም የምትጾሟቸውን ቀናት ነግረው የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ይስተካከል እንደሆነ ይጠይቁ። በራስዎ ውሳኔ ግን አይቀንሱ፤ አያቋርጡም።

ወደ ገበታው ስንመለስ፣ የአገራችን ምግብ ካርቦሃይድሬት ለሚቀንስ ሰው ከሚታሰበው በላይ የተመቸ ነው ብዬ አምናለሁ። ፒዛ ወይም ላዛኛ ያዘዘ ሰው ዱቄቱን ከማባያው ለይቶ መብላት አይችልም፤ የእኛ ወጥና እንጀራ ግን በየራሳቸው ተሠርተው የሚገናኙት ትሪው ላይ ነው። በ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 73 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለ። ሊጡ ውኃ ስለሚይዝ በ100 ግራም እንጀራ ውስጥ የሚገኘው ወደ 30 ግራም ገደማ ነው፤ 300 ግራም የሚመዝን እንጀራ ሙሉውን የበላ ሰው እንግዲህ 90 ግራም ያህል ወሰደ ማለት ነው። አነስተኛ ካርቦሃይድሬት የሚባለው አመጋገብ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ130 ግራም በታች በመሆኑ፣ አንዱ እንጀራ ብቻውን የቀኑን ድርሻ ሊጨርሰው ይቃረባል። ቀይ ጤፍ ስኳር አይጨምርም የሚባለውን አይመኑት፤ ብረቱና አሠሩ ጠቃሚ ቢሆኑም ስታርቹ ያው ነው። ወደ ኮምቦልቻና ባቲ ሲወርዱ የሚያገኙት የማሽላ እንጀራም ከዚህ አይለይም።

ደሴ ላይ ሸክላ ጥብስ ሲያዝዙ የሚሆነውን እርስዎም ያውቁታል። ፍሙ ላይ የተጣደው ሸክላ እየተንጨረጨረ ይመጣል፤ ጥብስ ቅጠሉና ቃሪያው ከሩቅ ይሸታል፤ ከጎኑ ሦስት አራት ጥቅል እንጀራ፣ ትሪው ላይ ደግሞ የተነጠፈ ሌላ እንጀራ አለ። ሥጋው ሲገለበጥበት ያ የተነጠፈው እንጀራ ቅቤውንና ጭማቂውን ጠጥቶ ከሥጋው ይበልጥ ይጣፍጣል። ጥቅሉን እንደምንም የተዉ ብዙ ሰዎች የሚሸነፉት በዚህኛው ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቅ የሚገባው ትሪው ከመምጣቱ በፊት፣ በትእዛዝ ሰዓት ነው፦ «ጥብሱን በሳህን አድርጊልኝ፤ እንጀራ እንዳይነጠፍበት፤ አንድ ጥቅል ብቻ ለብቻው አምጪልኝ፤ ሹካም አትርሺ።» እኔ እንዲህ ብዬ አዝዤ ደሴ ላይ ፊት ያጠቆረብኝ አስተናጋጅ አላጋጠመኝም። አንዷማ «አብሽሩ እናቴ፣ የኔም እናት ስኳር አለባት» ብላ በእንጀራው ፈንታ ጎመን ጨምራ አምጥታልኛለች። ሕመምዎን ለመናገር አይፈሩ፤ የማያውቀው ቤተሰብ የለም።

ከሥጋው ወገን ጥብስ፣ ዱለት፣ ምላስ ሰንበርና ክትፎ ካርቦሃይድሬታቸው ጥቂት ነው፤ ክትፎውን ግን ያለ ቆጮ፣ ለኮሶ ትሉም ሲባል በደንብ አብስለው ይብሉት። ጎመን በሥጋ፣ አይብና ሰላጣ አያሳስብዎት። ቁርስ ላይ እንቁላል ፍርፍር ያለ ዳቦ ይዘዙ። ቋንጣ ፍርፍር ግን በሥጋ ስም የሚጠራ እንጀራ ስለሆነ ይለፍዎት። ሾርባና አንዳንድ ወጥ በዱቄት ሊጠነክር ስለሚችል «ምን ገብቶበታል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ሰው በብዛት የሚሳሳተው በሽሮ ነው። ሽሮ እህል እንጂ ሥጋ አይደለም፤ ከሽምብራ ዱቄት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ካርቦሃይድሬት ነው። ፕሮቲንና አሠር ስላለው ከዳቦ ይሻላል፤ በጭልፋ ተለክቶ ይበላ እንጂ እንደ ጎመን አይቆጠር።

የአክስትዎን ልጆች በሚመለከት፣ ወሎ ውስጥ የሥጋ ቤቱ በር ሁለት እንደሆነ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። ዓሣ ግን መታረጃው አያከራክርም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቆርሰዋል። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ሐይቅ ሲደርሱ ያሰቡትን የጋራ ገበታ የሚያገኙት በዓሣ ነው ብዬ እገምታለሁ። ሙሉ ጥብስ ዓሣ ሲያዝዙ ዱቄት ሳይነሰነስበት እንዲጠበስ ይንገሩ፤ ኮተሌት በዱቄት የሚለወስ ስለሆነ አይዘዙ። ቃሪያው፣ ሎሚውና ዳጣው ከመጣ ዳቦውን ልጆቹ ይብሉት።

መጠጥ ላይ አጭር ልሁን። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር ይዟል። ጠጅና ጠላም ቢቀሩ ይሻላል። የአቮካዶ ጭማቂ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ስኳርም ቪምቶም እንዳይጨመርበት አስቀድመው ይናገሩ።

ከምግብ ቤት ይልቅ የሚከብደው የዘመድ ቤት ቡና ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስቱም ሲጠጣ በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከገባ 24 ግራም ያህል ስኳር ማለት ነው፤ የቡና ቁርሱ ቆሎና ዳቦ ሳይቆጠር። ሦስቱንም ይጠጡ፤ ያለ ስኳር ይሁን እንጂ በረካን ጥለው አይነሱ። አክስትዎ «አፈር ስሆን» ብለው እንጀራ ጠቅልለው ሲያጎርሱዎት እምቢ ማለት ከባድ ነው፤ እኔም እምቢ በሉ አልልዎትም። ከመሄድዎ በፊት ስልክ ደውለው «ለእኔ ጎመንና አይብ ይዘጋጅልኝ፤ ጉርሻውም የሥጋ ይሁን» ቢሏቸው ዝግጅቱም ደስታቸው ይሆናል፤ ሲያጎርሱዎትም ሁለታችሁም አትሳቀቁም።

በረቡዕና በዓርብ በያይነቱ ሲያዝዙ ጎመን፣ ፎሶሊያና ሰላጣው እንዲበዛ፣ ድንችና ቀይ ሥሩ እንዲያንስ፣ ምስርና ክኩም በጥቂቱ እንዲሆን ይጠይቁ። ሱፍ ፍትፍት እንጀራ እንዳለበት አይዘንጉ። አቮካዶ በሎሚና በዘይት፣ ከቦርሳዎ ደግሞ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ ቢጨምሩበት ያጠግብዎታል።

አጥብቄ የምለምንዎ ስለ ገሃድ ነው። ጥር 10 ቀን ታቦቱን አጅበው ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ዳገትና ቁልቁለት ባለበት በላሊበላ መንገድ፣ እህል ሳይቀምሱ ለመዋል ማሰብዎን ከደብዳቤዎ ተረድቻለሁ። ግሊቤንክላማይድ ለሚወስድ ሰው ይህ አደገኛ ነው። ለንስሐ አባትዎ ሕመምዎን ይንገሯቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾምን የምታቀልበት ሥርዓት አላት። ጾሙን የጾም ምግብ በመብላት ብቻ እንዲያከብሩ ቢፈቅዱልዎ፣ ጠዋት አንድ ነገር ቀምሰው ይውጡ። መለኪያዎን ይያዙ። ላብ ላብ ካለዎት፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ወይም መለኪያው ላይ ከ70 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) በታች ካነበቡ፣ ያን ሰዓት ካርቦሃይድሬት መቀነስ የሚባል ነገር የለም፤ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ጠጥተው ይቀመጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለክተው ካልተስተካከለ ይድገሙት፤ ሲስተካከል ምግብ ይብሉ። ስኳሩን በትንሽ ወረቀት ቋጥረው ከነጠላዎ ጫፍ ይሰሩት፤ የት እንዳለም ለልጆችዎ ያሳዩአቸው።