ምስክሮችሽ የድሮው አድራሻ ላይ ቀርተዋል

ሐረር ጀጎል ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ያላት እህት ጽፋልኛለች። ባጭሩ እንዲህ ትላለች፦

«ቤታችን የሐረሪ ባህላዊ ቤት ነው። የመጀመሪያውን ዌብሳይት ከብዙ ዓመት በፊት የእህቴ ልጅ ሠራልን። አምና በአዲስ ስም፣ በአዲስ ዲዛይን አሠራን። ከዚያ ወዲህ ጉግል ላይ የለንም ማለት ይቻላል። በፊት ፈረንጆቹ በኢሜይል ይጠይቁን ነበር፤ አሁን ጠፉ። አንድ ልጅ ደግሞ ‹የዌብሳይታችሁ ኦቶሪቲ 3 ነው፤ 1,000 ሊንክ ገዝቼ 40 አደርስላችኋለሁ› ብሎ 15,000 ብር ጠየቀኝ። ልክፈል?»

አትክፈይ። (እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፤ በእኛና በእናንተ አገር ወግ አንቺ እያልኩ ልቀጥል።) ችግርሽ ሌላ ቦታ ነው። ራስሽም ጠቁመሽዋል፤ «በአዲስ ስም» ያልሽው ላይ።

መጀመሪያ ግን ኦቶሪቲ የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ እንይ። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ስታንፎርድ ተማሪ ሳሉ ጉግልን የጀመሩት በአንድ ሐሳብ ነው። አንድ ድረ ገጽ ወደ አንቺ ሊንክ ካደረገ መሰከረልሽ ማለት ነው። ፔጅራንክ አሉት፤ በ1998 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ አወጡበት። ቁም ነገሩ ምስክር ሁሉ እኩል አለመሆኑ ነው። ራሱ ብዙ የተመሰከረለት ገጽ ቃሉ ይከብዳል፤ ኦቶሪቲ የሚሉት ይህን የምስክር ክብደት ነው። ያው ገጽ መቶ ቦታ ከጠቆመ ደግሞ ክብደቱ ለመቶ ይከፋፈላል። ዛሬ ጉግል ሌላም ብዙ ነገር ያያል፤ ሊንክን ግን አልተወም።

ልጁ የነገረሽ 3 እና 40 የጉግል ቁጥር አይደለም። ዶሜይን ኦቶሪቲ (ዶሜይን የዌብሳይቱ ስም፣ አድራሻው ነው) ሞዝ የሚባል ኩባንያ ከ1 እስከ 100 የሚሰጠው ግምት ነው። ሌሎች ኩባንያዎችም የየራሳቸው አላቸው። የጉግል ሰዎች ደረጃ ሲሰጡ እንደማይጠቀሙበት ደጋግመው ተናግረዋል። እኔም ሥራ ላይ እከፍተዋለሁ፤ ሁለት ተፎካካሪዎችን ለማወዳደር ጥሩ ነው። ግን ቁጥሩን በርካሽ ሊንክ መቆለል ይቻላል። ቁጥሩ ሲያድግ አንድም እንግዳ ላይመጣ ይችላል።

የሚገዛው ሊንክ ደግሞ የሐሰት ምስክር ነው። ጉግል በ2012 እ.ኤ.አ. ፔንግዊን የተባለውን ለውጥ ሲያወጣ በዚህ መንገድ የወጡ ብዙ ዌብሳይቶች ተንኮታኮቱ። ከ2016 ወዲህ በአብዛኛው እንደዚህ ዓይነቱን ሊንክ እንዳላየ ያልፈዋል። ስለዚህ ብሩ ባዶ ነው የሚቀረው። ሲብስ ደግሞ የጉግል ሠራተኛ አይቶት ቅጣት ይጥላል። አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ገዝቶ ቅጣት መጣበት። እነዚያን ሊንኮች ስናስነሳ ወራት ፈጀብን። አንቺ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

አሁን ወደ ቤትሽ። የድሮው ዌብሳይት ዓመታት ኖሯል። ጀጎል በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ስለ ሐረር የሚጽፍ መንገደኛ ብዙ ነው። እናንተ ጋ ያደረ፣ ማታ ጅብ ሲመገብ አይቶ የተመለሰ ሰው ጉዞውን ጽፎ «ያደርኩት እዚህ ነው» ብሎ ሊንክ ያስቀምጣል። ያ ሁሉ ሊንክ የሚጠቁመው ግን የድሮውን አድራሻ ነው። እንግዳው የድሮውን በር ያንኳኳል፤ የሚከፍትለት የለም። አዲሱን ቤት ጉግልም አያውቀውም። ኦቶሪቲሽ አልጠፋም፣ ሳታዛውሪው ቀረ እንጂ።

ስለዚህ ዛሬውኑ የእህትሽን ልጅ ጠይቂው። የድሮው ዶሜይን በማን ስም ነው? እየተከፈለበት ነው? ጊዜው አልፎ ማንም ካልወሰደው መልሳችሁ ግዙት። የዓመት ክፍያው ከ15,000 ብር እጅግ ያነሰ ነው። በውጭ ካርድ ክፈሉ ካሏችሁ ውጭ ያለ ዘመድ ይክፈልላችሁ፤ ምዝገባው ግን በአንቺ ስም ይሁን። ይህን የምለው አጥብቄ ነው። ዶሜይኑ በሠሪው ስም ሆኖ ሠሪው የጠፋባቸው ሰዎች ብዙ አይቻለሁ።

ዶሜይኑ እጅሽ ከገባ የዌብሳይቱን ሠሪ «301 ሪዳይሬክት ሥራልኝ» በይው። ሪዳይሬክት የድሮውን አድራሻ የከፈተውን ሰው በራሱ ወደ አዲሱ የሚወስድ ነው። 301 ማለት «ለዘለቄታው ተዛውረናል» ነው። 302 ጊዜያዊ ነው፤ አታምታቱት። እያንዳንዱ የድሮ ገጽ ወደ አቻው ይሂድ። የክፍሎች ገጽ ወደ ክፍሎች ገጽ፣ የዋጋው ወደ ዋጋው። ሁሉንም ወደ መግቢያው ገጽ መወርወር የሰነፍ ሥራ ነው፤ ጉግልም ብዙ ጊዜ እንደጠፋ ገጽ ይቆጥረዋል። የድሮዎቹን ገጾች አድራሻ ካላስታወሳችሁ የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ላይ የድሮውን ስም አስገቡ፤ ምናልባት ቅጂው ይገኛል። ከዚያ ሁለቱንም ስሞች ጉግል ሰርች ኮንሶል ላይ (ጉግል ለዌብሳይት ባለቤቶች ያዘጋጀው መሣሪያ ነው) አስመዝግቢና የአድራሻ ለውጡን አሳውቂ። ነፃ ነው። ማን ወደ አንቺ ሊንክ እንዳደረገም እዚያው ታያለሽ። ጉግል ሪዳይሬክቱ ቢያንስ ለ1 ዓመት ይቆይ ይላል። እኔ ቤቱ ክፍት እስከሆነ ድረስ አታንሺው እላለሁ። ውጤቱ በሳምንታት ውስጥ ይታያል፤ መጀመሪያ ከፍ ዝቅ ቢል አትደንግጪ።

ዶሜይኑን ሌላ ሰው ወስዶት ከሆነ ሊንኩን ላስቀመጡት ሰዎች በኢሜይል ጻፊላቸው። ቡና ያጠጣሻቸው ሰዎች ናቸው፤ አዲሱን አድራሻ ተኩልኝ ስትዪ ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ደቂቃ የምትፈጅ ነገር አለች። አዲሱ ዌብሳይት ዎርድፕረስ በሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ ከተሠራ ቅንብሩ ውስጥ የፍለጋ ሞተሮች እንዳይመዘግቡት የምትከለክል ሳጥን አለች። ሠሪዎች ሥራ ላይ ሳሉ ምልክት ያደርጉባትና ሲጨርሱ ይረሷታል። እሷ ካልተነሳች ሪዳይሬክቱም ዋጋ የለውም።

ስለ ጉግል ማፕም ልንገርሽ። አዲስ መዝገብ እንዳትከፍቺ። የድሮው ላይ የተሰበሰበው ሪቪው ሀብትሽ ነው፤ ዌብሳይቱን ብቻ ወደ አዲሱ ቀይሪ።

«ሐረር ሆቴል» ለሚለው ፍለጋ አትታገዪ። እዚያ እነ ቡኪንግና ትሪፕአድቫይዘርን የመሰሉ ትልልቅ የሆቴል ድረ ገጾች ተቀምጠዋል። «ጀጎል ውስጥ የሐረሪ ባህላዊ ቤት ማደሪያ» ለሚል ሰው ግን ቤቱ አንቺ ነሽ። ለእሱ አንድ እውነተኛ ገጽ ጻፊ። ከድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ፣ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ፣ በሐረማያና በአወዳይ አልፎ እናንተ ጋ እንዴት እንደሚደርስ። ሚኒባሱ የት እንደሚገኝ፣ ማታ ከደረሰ ምን እንደሚያደርግ፣ የቤትሽ መንገድ ከሸዋ በር ይሻል እንደሆነ ወይስ ከኤረር በር። በጽሑፍ ይሁን፣ ፎቶ ላይ የተለጠፈ ፊደል አይሁን። እንዲህ ያለውን ገጽ አስጎብኚዎችና መንገደኞች ሳይከፈላቸው ሊንክ ያደርጉታል።

የድሮው ዶሜይን በማን እጅ እንዳለ ስታውቂ ጻፊልኝ። የገጾቹን ዝርዝር አብረን እናወጣለን።