ኮሰረቴ ሥር አልይዝ አለኝ
የቤት ውስጥ ተክል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት የማኅበር ጓደኛዬ ኮሰረት በወረቀት ኩባያ ሥር አስይዛ ሰጠችኝ። ሰመር ላይ በረንዳ ላይ አድርጌያት በጣም አማረባት። ብርዱ ሲመጣ ቤዝመንት መስኮት ሥር አስገባኋት። አሁን አንድ ሜትር ደርሳለች። ግን ግንዷ ራቁቱን ቀርቷል፤ ቅጠል ያላት ጫፏ ላይ ብቻ ነው። ለማኅበርተኞቼ ላካፍል ብዬ 10 ቁራጭ ወስጄ ተከልኩ። 8ቱ ከሥር ጀምሮ ጠቁረው በሰበሱ። ሰማያዊውን የዱቄት ማዳበሪያ በየሳምንቱ እሰጣታለሁ። ሰሞኑን ደግሞ ቅጠሏ ነጠብጣብ ይዞ ቀጭን ድር አየሁባት። ምን በደልኳት?
ወ/ሮ ት.፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ወይዘሮ ት.፣ አይዘኑ። ኮሰረትዎ ትድናለች። 8ቱ ቁራጮች ግን የደከሙት ኩባያው ውስጥ ከገቡ በኋላ አይደለም። እናታቸው ላይ እያሉ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ቆቃ ነው። እዚያ አካባቢ አበባቸውን ሳይሆን ቁራጫቸውን የሚሸጡ እርሻዎች አሉ። እኛ ሠራተኞቹ «ካቲንግ» ነበር የምንለው። የጀራኒየምና የሌላም አበባ ለጋ ጫፍ በጠዋት ይቆረጣል፣ ተቆጥሮ ይታሸጋል፣ በአውሮፕላን አውሮፓ ይሄዳል። ሥር የሚያወጣው እዚያ ነው። እኔ ስድስት ዓመት የሠራሁት እናት ተክሎቹ ቤት ውስጥ ነበር። ከውጭ «ሥር አልያዘም» የሚል ቅሬታ ሲመጣ አለቃችን መጀመሪያ የምትመለከተው ማሸጊያውን አልነበረም። በቀጥታ ወደ እናቶቹ ትሄድ ነበር። ምን ያህል ብርሃን አገኙ? ምን በሉ? ስንት ጊዜ ተቆረጡ? መልሱን አብዛኛውን ጊዜ የምታገኘው እዚያ ነበር።

ቁራጭ ሥር እስኪያወጣ የሚኖረው በስንቅ ነው። ስንቁን የሚያሲዘው የእናቲቱ ቅጠል ነው፤ ቅጠሉ ደግሞ ስንቅ የሚሠራው በብርሃን ነው። በዲሴምበር የቤዝመንት መስኮት ለኮሰረት ጨለማ ማለት ነው። ተክሏ ብርሃን ፍለጋ ተመዘዘች። በዚያ ላይ በየሳምንቱ ማዳበሪያ ሲጨመርባት ውሃ የበዛው፣ ልፍስፍስ ያለ ቅርንጫፍ አወጣች። እንዲህ ያለው ለዓይን ያምራል፤ እርጥብ አፈር ውስጥ ሲገባ ግን ይበሰብሳል።

ስለዚህ ከመብራት ይጀምሩ። «ለተክል» ተብሎ በውድ የሚሸጠው ወይን ጠጅ መብራት አያስፈልግዎትም። ለጋራዥ የሚሸጠው ነጭ፣ ባለ 4 ጫማ ኤልኢዲ ይበቃል። ከተክሏ ጫፍ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይስቀሉት። ተክሏ ስታድግ መብራቱንም ከፍ ያድርጉ። ሰዓት ቆጣሪ ገዝተው 16 ሰዓት በርቶ 8 ሰዓት እንዲጠፋ ያድርጉት። በእጅ አበራለሁ አጠፋለሁ ካሉ ይረሱታል፤ እኔም እየረሳሁ ነው ቆጣሪ የገዛሁት።

ቀጥሎ መቁረጥ ነው። አውቃለሁ፣ እጅዎ እንቢ ይላል። ግን ረጅሟ ኮሰረት እናት መሆን አትችልም። እናት አጭርና ብዙ ጫፍ ያላት መሆን አለባት። በአንድ ጊዜ ግን አይጨርሷት። ሁልጊዜ ከተቆረጠው በታች አረንጓዴ ቅጠል ይቅር። ዛሬ ሲሶዋን ይቁረጡ። ከታች አዲስ ቡቃያ ሲታይ እንደገና ዝቅ ያድርጓት። የኮሰረት ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚበቅለው። አንዱን ጫፍ ከቅጠል ጥንዱ በላይ ሲቀነጥቡት ከሁለቱ ቅጠሎች ብብት ሁለት ቡቃያ ይወጣል። ሁለቱን ሲቀነጥቡ 4፣ አራቱን ሲቀነጥቡ 8። ሦስት ዙር ብቻ ታግሠው ከአንድ ቅርንጫፍ 8 ጫፍ ያገኛሉ ማለት ነው። ማኅበርተኞችዎን ትንሽ ያስጠብቋቸው።

አበባ ካወጣችም ይቀንጥቡት። አበባው የቁራጩን ስንቅ ይበላል።

ማዳበሪያውን በግማሽ ይቀንሱና በየሁለት ሳምንቱ ያድርጉት። ቁራጭ ሊወስዱ ሲሉ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት ያቁሙት። አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ካዩ የማዳበሪያ ጨው ነው። ማሰሮውን ገንዳ ውስጥ አስቀምጠው ከሥር እስኪፈስ ድረስ ደጋግመው ንጹሕ ውሃ ያፍስሱበት። ውሃ የሚጠጣበትን ቀን በካላንደር አይወስኑ። ጣትዎን ያስገቡ፤ ከላይ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ደርቆ ካገኙት ያጠጡ። ማሰሮዋ ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው። ከሥሩ ባለው ሳህን ላይ ውሃ አይተኛ።

ድሩን የሚሠራው «ስፓይደር ማይት» የሚሉት ተባይ ነው። በጣም ትንሽ ስለሆነ በዓይን በደንብ አይታይም። ነጭ ወረቀት ከቅጠሉ ሥር ይዘው ቅጠሉን መታ መታ ያድርጉት፤ የሚንቀሳቀስ ነጥብ ያያሉ። ይህ ተባይ ደረቅና ሞቃት አየር ይወዳል። የሂተር አየር ሲመታት እንደ ሠርግ ቤት ይሆንለታል። ተክሏን ከሂተሩ አፍ ያርቁ። ሻወር ውስጥ አስገብተው የቅጠሉን ጀርባ በውሃ ያጥቡት። ከዚያ ለተክል የተዘጋጀውን ፀረ ተባይ ሳሙና በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ይርጩ፤ የቅጠሉ ጀርባ እስኪረጥብ። አንድ ጊዜ ረጭተው እንዳይተዉት። ሳሙናው እንቁላሉን አይገድልም። በየ5 ቀኑ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ንጹሕ እስክትሆን ድረስ ምንም ቁራጭ አይውሰዱ፤ ተባዩን አብረው ነው ለማኅበሩ የሚያካፍሉት።

ስለ ንጽሕና እዚህ ላይ ልቆይ፣ ይፈቀድልኝ። ቆቃ እያለን እናት ተክሎቹ ቤት ስንገባ ጫማችንን መድኃኒት ውስጥ እንነክራለን፣ ጋውን እንቀይራለን፣ ቢላዋችንንም ደጋግመን እናጸዳለን። አዲስ ሠራተኞች ያጉረመርሙ ነበር። አለቃችን ያኔ የኬንያን ነገር ትነግራቸዋለች። በ2003 እ.ኤ.አ. ከኬንያ ወደ አሜሪካ በሄደ የጀራኒየም ቁራጭ ላይ ራልስቶኒያ የሚባል ባክቴሪያ ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ በብዙ ግሪንሃውሶች የነበረ ጀራኒየም ተለይቶ እንዲወገድ ተደረገ። ይህ ባክቴሪያ ተክሉ ጤነኛ መስሎ እያለ ውስጡ መኖር ይችላል። አንዲት የታመመች እናት ብዙ ልጆች አሏት። እርስዎ የሚያስፈልግዎ ቀላል ነው፦ ስለታም መቀስ፣ 70 በመቶ አልኮል፣ ጨርቅ። ከአንድ ተክል ወደ ሌላው ሲያልፉ መቀሱን ይጥረጉት።

እናቲቱ ስታገግም በጠዋት ይቁረጡ፤ ያኔ ውሃ ሞልቷታል። ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ አበባ የሌለው ጫፍ ይምረጡ። ጎንበስ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። እንደ ጎማ ከተጠማዘዘ ገና ነው። ቡናማ ሆኖ ከጠነከረ አልፎበታል። ከቅጠሉ መገናኛ ዝቅ ብለው ይቁረጡ፣ የታችኛውን ቅጠል ያንሱ፣ ፐርላይት (አፈር የሚያላላ ነጭ ቀላል ጠጠር) የተቀላቀለበት እርጥብ አፈር ውስጥ ይትከሉ። ላስቲክ ያልብሱት፤ በየቀኑ ግን ገለጥ አድርገው አየር ይስጡት። ሁለት ሦስት ሳምንት ይጠብቁ። ሥር አወጣ ወይ እያሉ እየነቀሉ አይመልከቱ፤ የብዙ ሰው ቁራጭ የሚሞተው በዚህ ነው።

በመጨረሻ፣ እናቲቱን ከወጥ ቤት ይለዩአት። ለቅቤ ማንጠሪያ ከእርሷ እየሸመጠጡ፣ ቁራጭም ከእርሷ እየወሰዱ አይሆንም። ለድስቱ ሌላ ትትከል። እናቶችም ሁለት ይሁኑ። እኔ አሜሪካ በመጣሁበት የመጀመሪያ ክረምት የነበረችኝ አንዲት ኮሰረት ነበረች። ሂተሩ ፊት ለፊት አስቀምጫት ለአንድ ሳምንት ወደ እህቴ ሄድኩ። ስመለስ ደርቃ ጠበቀችኝ። አልቅሻለሁ። ያተረፈኝ ከዚያ በፊት ለጎረቤቴ የሰጠኋት ቁራጭ ነው። ዛሬ ቤቴ ያሉት ሁለቱ እናቶች የዚያች ልጆች ናቸው። በየዓመቱ አንዷን በልጇ እተካለሁ፤ ግንዷ እየጠነከረ ሲሄድ ሥር የሚይዝ ቁራጭ መስጠት ይከብዳታል።

ጥያቄ፦ ጤና አዳም ሰኔ ላይ በረንዳ ላይ ሆኜ ቆራርጬ ለጓደኞቼ አከፋፈልኩ። በማግሥቱ እጄ ቀላ፣ ከዚያ ውሃ ቋጠረ። ተክሉ መርዝ አለው እንዴ?
ህ.፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ እህቴ፣ የጤና አዳም ፈሳሽ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን ያቃጥላል። ቡና ውስጥ የምትጨምሪው ቅጠል ያው ነው፤ ልዩነቱ ፈሳሹና ፀሐዩ መገናኘታቸው ነው። ስትቆርጪ ጓንት አድርጊ፣ ረጅም እጅጌ ልበሺ፣ ቤት ውስጥ ወይም ፀሐይ ሳትወጣ ቁረጪ። ከነካሽ ወዲያው በሳሙና ታጠቢ። ልጆች አጠገብሽ ካሉ አታስነኪያቸው። ያበጠውን አታፍርጪው፤ ከሰፋ ሐኪም ይየው። ጠባሳው ለወራት ጠቆር ብሎ ሊቆይ ስለሚችል ከፀሐይ ሸፍኚው።

ጥያቄ፦ በገና አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ከእናቴ ጓሮ ኮሰረት ቆርጬ ሻንጣ ውስጥ ባመጣስ?
ከሚኒያፖሊስ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዝም ብለህ አታምጣ። የሚተከል ነገር አሜሪካ ለማስገባት ከኢትዮጵያ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። አፈርማ ያለ ልዩ ፈቃድ አይገባም። ሳታሳውቅ ከተያዝክ ይወሰድብሃል፣ ቅጣትም አለው። ለምግብ የሚሆነውን የደረቀውን ኮሰረት አምጣ፤ እሱንም አሳውቀህ። ለመትከል የምትፈልገውን ግን እዚያው ከተማህ ካሉ ሀበሾች ጠይቅ፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከጸሎት በኋላ ብትጠይቅ ያላት እናት አታጣም። ስታገኝ ሁለት ቁራጭ እንድትሰጥህ ጠይቃት። ሜይ ወር አልቆ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እስኪሆን ድረስ ወደ ውጭ አታውጣት፤ መብራት ሥር ትቆይ።